ያልታጠፈው አይውጣ

አንዲት የአዋላጅ ነርሶች መምህርት ነበረች፤ ስሟ ትርሲት ነው። ከተማሪዎቿ መካከል ረድኤት የምትባል ልጅ ነበረች። ረድኤት የወረቀት ፈተናውን ሁሉ በጥሩ ውጤት ያለፈች፣ የተማረችውን ከዳር እስከ ዳር የምታውቅ ጎበዝ ልጅ ናት። ነገር ግን በማዋለጃ ክፍል ልምምድ ላይ አንዲት ወላድ ድንገት ደም ሲፈሳት ረድኤት ድርቅ ብላ ቀረች። ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ወላዷን ሌሎች ተሯሩጠው አተረፏት።

የምረቃው ሰሞን ትርሲት «ይህችን ልጅ አላሳልፍም» አለች። የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ ሳህሌ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ሲስተር፣ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ስጡን እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ቀን ደነገጠች ተብሎ ትቀራለች እንዴ? ሥራው ራሱ ያስተምራታል።»

«በማን ሕይወት ላይ ነው የሚያስተምራት፣ አቶ ሳህሌ?» አለቻቸው።

እሳቸውም አኩርፈው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ያዙ እንጂ አላስገደዷት።

ረድኤት ግን እያለቀሰች መጣች። «ሲስተር፣ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። ጠላው ተጠምቋል፣ በጉ ተገዝቷል። ምን ብዬ ልንገራት?»

ትርሲት ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። ቢሆንም «ገና ነሽ ልጄ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘችም። ጓደኞቿ ጥቁር ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ ረድኤት ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ አገር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ትርሲት እንቅልፍ አጣች። «ልክ ነኝ» ትላለች፤ ልቧ ግን አያርፍም። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍራ ወዳደገችበት ከተማ፣ ወደ ድሮ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ወደ መምህር ደባልቄ ሄደች።

እኒህ ሰው እሷንም በልጅነቷ አስቀርተዋት ያውቃሉ። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ለአጭር የጤና ሥልጠና ወጣቶችን የሚመለምሉ ሰዎች መጥተው ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ ተመዝግበው ሲሄዱ፣ መምህር ደባልቄ ቤታቸው ድረስ መጥተው አባቷን «ይህችን ልጅ አይልኳት፤ ገና ናት» አሏቸው። አባቷም ሰሟቸው። ያን ክረምት ሙሉ በመንገድ ላይ ሲያገኟት ፊቷን ታዞርባቸው ነበር።

ከአውቶቡስ ወርዳ በትምህርት ቤቱ አጠገብ አለፈች። የድሮዋ የቆርቆሮ ክፍል የለችም፤ በቦታዋ ፎቅ ቆሟል። ትርሲት አጥሩን ይዛ ቆመች። ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው አስተማሪ አይሰማም ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ይጠብቃሉ፤ መምህር ደባልቄ ግን ጠመኔያቸውን አንሥተው ዝም ብለው ይሥሉ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ እየዘነበ ሴልን ሣሉ። መካከል ላይ የሴሉን እምብርት፣ ኒውክሊየሱን አደረጉ። ከዚያ ከኒውክሊየሱ ሽፋን ጀምረው በቀይ ጠመኔ እየተጣጠፈ፣ እየተደራረበ የሚሄድ መስመር ሳቡ፤ ሰሌዳው እስኪሞላ። ዝናቡ ሲያባራ «ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል» አሉ። ክፍሉ በስሙ ርዝመት ሳቀ።

መምህሩም አብረው ሳቁና መሐረባቸውን አውጥተው በጭብጣቸው ውስጥ አጣጥፈው ደበቁት። «አያችሁ? ሰፊ ነገር በጠባብ ቦታ የሚገባው ሲታጠፍ ነው። ከሬቲኩለሙ ይሄኛው ክፍል ሻካራው ነው፤ ላዩ ላይ ፕሮቲን የሚሠሩ ራይቦዞሞች ተለጥፈውበታል። ያኛው ለስላሳው ነው፤ ስብ ይሠራል፣ በጉበታችን ውስጥ መርዝ ያመክናል። አዲስ የተሠራ ፕሮቲን ደግሞ እንደ ክር የተዘረጋ ነው፤ በሻካራው ውስጥ ገብቶ፣ ተጣጥፎ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ወደ ሥራው አይላክም። ያልታጠፈው አይውጣ! ያልታጠፈ ከወጣ ሰውየው ይታመማል» አሉ። ትርሲት ያን የእርጥብ አፈር ሽታና የጠመኔ ብናኝ አሁን ያሸተተች መሰላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መምህር ደባልቄን በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ትርሲት የመጣችበትን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስትጨርስም «እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግሁት፤ ታዲያ ልቤ ለምን አያርፍም?» አለቻቸው።

«ካስቀረሻት በኋላ ምን አደረግሽላት?» አሏት።

«ምንም» አለች ትርሲት።

«ልጄ፣ ትምህርቱን ግማሹን ነው የያዝሽው። ሬቲኩለሙ ያልታጠፈውን ይዞ ዝም ብሎ አይቀመጥም እኮ። በውስጡ ረዳቶች አሉት፤ ፕሮቲኑን ከበው፣ ደግፈው፣ እንዲታጠፍ የሚያግዙ። ያለ እገዛ መያዝማ እስር ቤት ነው።» ቀና ብለው አዩዋትና «አንቺን አስቀርቼሽ ዝም አልኩ እንዴ?» አሏት።

ያን ጊዜ ትርሲት የረሳችው ነገር መጣባት። ቅዳሜ ከሰዓት መምህር ደባልቄ ክፍሉን ከፍተው እሷን ብቻዋን ያስጠኗት ነበር። ባለቤታቸው ቆሎ ቆልተው ይልኩላቸው ነበር። «እምቢ» ያሉበትን አንድ ቀን ስታስታውስ ኖራ፣ እነዚያን ቅዳሜዎች ሁሉ ረስታቸዋለች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ በቀጥታ ወደ ረድኤት እናት ቤት ሄደች። እናትየው በሩ ላይ ሲያዩዋት ፊታቸውን አጠቆሩ። «ልጄን አሳፍረሻት ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሉ።

«እናቴ፣ ባጠፋሁት ልክሰዎት ነው የመጣሁት። ልጅዎን አስቀርቼ ብቻዋን ተውኳት። አሁን እኔው ራሴ አጠገቧ እቆማለሁ።»

ረድኤት ከጓዳ ሆና ሰማች። ወዲያው አልወጣችም። ስትወጣ ግን ሻንጣዋን ይዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትርሲት ከሥራ ሰዓት ውጭ ከረድኤት ጋር ሆነች። መጀመሪያ በአሻንጉሊት አለማመደቻት፤ ቀጥላ በማዋለጃ ክፍል ከኋላዋ እየቆመች የራሷን እጅ በረድኤት እጅ ላይ ታደርግ ነበር። እየዋለ እያደረ ትርሲት እጇን ከላይዋ ማንሣት ጀመረች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ወላድ ደም ፈሰሳት። ረድኤት ፊቷ ነጣ፤ እጇ ግን ሄደ። የወላዷን ማሕፀን እያሸች፣ መርፌ እንዲመጣላት እየተጣራች፣ ወላዷን «አይዞሽ እቴ፣ አለሁልሽ» እያለች ደሙን አቆመችው። ትርሲት ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። መቅረብ አላስፈለጋትም።

ረድኤት ተመርቃ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። በሚቀጥለው ዓመት መምህር ደባልቄ ማረፋቸው ሲሰማ ትርሲት ለለቅሶ ስትነሣ ልትጠይቃት መጥታ የነበረችው ረድኤት «ብቻዎን አይሄዱም» ብላ ተከተለቻት። ድንኳኑ ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ሁሉ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ረድኤት ወደ ትርሲት ጠጋ ብላ «ዘመድዎ ናቸው?» ስትል ጠየቀቻት።

«አስተማሪዬ ናቸው» አለች ትርሲት። «ያንቺም ናቸው፤ አላወቅሻቸውም እንጂ።»

ወዳጆቼ፣ ያልበሰለን ሰው «ገና ነህ» ብሎ ማቆየት ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ፍቅር የሚሆነው ግን አብረውት ሲቆዩ ነው። በሩን የሚዘጋ ብዙ ነው፤ ዘግቶ ከውስጥ አብሮ የሚቀመጥ ጥቂት ነው። እናንተስ «ገና ነህ» ያላችሁት ሰው አሁን ከማን ጋር ነው ያለው?