አህያዋና ባለ ጅራቱ ጫማ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ግን በረቱን ማን እንደወሰደው ጠይቁ።

ድሮ፣ እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ሜዳ ላይ አንድ ቀጭን ምንጭ ነበረ። ውኃው ጥቂት ስለሆነ ሁሉም በተራ ይጠጣ ነበር። ጠዋት አህያ፣ ቀትር ላይ ከርከሮ፣ ማታ ሚዳቋ። ዝንጀሮ ከገደል የመጣ እንግዳ ነበርና ተራ አልነበረውም፤ የተረፈውን ይልሳል።

ክረምት ሲወጣ እንስሳቱ ሩጫ ይወዳደሩ ነበር። ሁልጊዜ የምትቀድመው ሚዳቋ ናት። ዝንጀሮ ይህን አየና ከሞተ በሬ ቆዳ ጫማ ሰፋ። በጎኑ ላይ የራሱን ቆልማማ ጅራት ሣለበት። ለሚዳቋም አጠለቀላት።

«እመት ሚዳቋ፣ ዋጋ አልጠይቅሽም። ስትሮጪ ብቻ ይታይልኝ» አላት።

ሚዳቋ እንደ ወትሮዋ ቀደመች። ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ «ማን ቀደመ? ጫማዬ ቀደመ» እያለ ለፈፈ።

የአህያ ልብ ተነሣ። «አያ ዝንጀሮ፣ ለእኔስ?»

«ለአንቺማ በዋጋ ነው። ከውኃ ተራሽ ሲሶውን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ሮጠች። መጨረሻ ወጣች።

በዓመቱ ዝንጀሮ አያት፤ ሳቀባት። «ይሄን ቀይ ጫማ እስከ ዛሬ ታደርጊያለሽ? ዘንድሮ እኮ ሰማያዊ ነው። ሚዳቋን አታዪያትም?»

አህያ አፈረች። ሁለተኛውን ሲሶ ሰጠችው። ሮጠች። መጨረሻ ወጣች።

በሦስተኛው ዓመት፣ «የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ከርከሮ ሳይወስድብሽ ፍጠኚ» አላት። ገደሉ ውስጥ ያለው ዋሻው ግን በጫማ ተሞልቶ ነበር። የመጨረሻውን ሲሶ ሰጠችው። ሮጠች። መጨረሻ ወጣች።

በዚያ በጋ አህያ ወለደች። ውኃ አልጠጣችምና ጡቷ ደረቀ፤ ውርንጭላዋም መቆም አቃታት። ወደ ምንጩ ብትሄድ ዝንጀሮ ተቀምጦበታል።

«ተራ የለሽም» አላት።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«የልጅ ጫማም አለኝ» አላት።

አህያ ወደ እግሯ አጎነበሰች። «አንተ ጫማ፣ ውኃዬን አስበልተህ ለምን አላስቀደምከኝም?»

«እኔ ምን ላድርግሽ? የበሬ ቆዳ ነኝ። በሕይወቴም ቀድሜ አላውቅ» አላት ጫማው።

«ሚዳቋንስ?»

«እሷ እኔን ተሸክማ ሮጠች እንጂ እኔ እሷን አልተሸከምኩም።»

ሚዳቋ አጠገባቸው ቆማ ትሰማ ነበር። ዐይኗን ሰበረች። «አውቅ ነበር። በነጻ ስለተሰጠኝ ዝም አልኩ።»

«ነጻ አልነበረም» አለቻት አህያ። «የአንቺን የምትከፍለው ልጄ ናት።»

ይህን ብላ ዞረችና ዝንጀሮን በኋላ እግሯ ረገጠችው። ዝንጀሮ ሳቀ፤ ጫማው ለስላሳ ነበርና አላመመውም። «ጥራቱን አየሽ?» አላት።

አህያ ጫማዋን በጥርሷ ጎትታ አወለቀች። ይዛው በተወለደችው ሰኮና ደገመችው። ዝንጀሮ በመቀመጫው እየተንሸራተተ እስከ ገደሉ ወረደ። መቀመጫው ተመልጦ የቀረው ያን ጊዜ ነው ይባላል።

አህያ ጠጣች። ጡቷ ሞላ። ውርንጭላዋ ተነሥታ ቆመች፤ በባዶ ሰኮናዋ።

ሰኮና ላለው ጫማ የሚሸጥ፣ ዐይኑ ከምንጩ ላይ ነው። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። እግራችሁን እዩ፤ ከዚያም በምንጫችሁ ላይ ማን እንደተቀመጠ እዩ።