እልልታው አልወጣም አለ

ተረት ተረት!

«የጉም ንብረት!» በሉ እንጂ። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች እንዲያ ብለን ነው የምንቀበለው።

በጣና ዳር፣ ጧት ጧት ጉሙ ከውሃው ተነሥቶ፣ ደንገሉን አልፎ፣ እደጅ ድረስ በሚመጣባት አንዲት መንደር ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። እልልታዋ የታወቀ ነበር። እሷ እልል ስትል ሐይቁ ላይ ያንቀላፉት ነጫጭ ወፎች ብድግ ይላሉ። ዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፊያቸውን አንሥተው «ዛሬ ደግሞ የማን ደስታ ነው?» ይባባላሉ።

ውሎ አድሮ አስም ያዛት። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ንጋት ላይ ደረቷ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማት ጀመር፤ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ የቆመ ሰው የሚያፏጭ ይመስል። ከዚያ እልልታው ቀረ።

ወይዘሮ አትጠገብ ስመኝ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ስመኝ ከባሕሩ ማዶ ላለ ልጅ ታጭታ፣ ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ቀሚስ አልጠየቀችም፤ ጌጥም አላማራትም። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ፈለገች።

«እማ፣ ከቤት ስወጣ አንድ እልልታ። አንድ ብቻ፤ ካንቺ አፍ።»

እናትየዋ ፈገግ አለች። አየር ሳበችና «እል...» ከማለቷ ሳሉ ቆረጠው።

እልልታው ትንፋሽ ካላገኘሁ አልወጣም አለ።

ትንፋሹስ? ትንፋሹ የት እንደቀረ ልንገራችሁ። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ከምሮ አቃጠለ። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ውሃውንና ሰማዩን አንድ አደረጋቸው። ዛፎቹ ሥር የሌላቸው መሰሉ፤ ሰው ሲያልፍ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ለተመልካች ያምራል። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ አየር ትለምን ነበር።

«እማ! ምን ላምጣልሽ?»

«ሣጥ... ሣጥኑ...» አለች። ከዚያ በላይ የምትናገርበት ትንፋሽ አልነበራትም።

ስመኝ ሮጠች። ሣጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰማያዊ ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ አገኘች። አምና እናቷ ከተማ ሄዳ ሲያማት ሐኪሞቹ ተቻኩለው የሰጧት ነው። «ይሄን የጀመረ አይተወውም ይላሉ፤ የመጨረሻ መድኃኒት ነው ይላሉ» እያለች ስትሸሽገው ከርማለች። አሁን እናትየዋ አፏ ላይ አድርጋ ጫነችው። ስመኝ አየች፤ መድኃኒቱ እንደ ትንሽ ጉም ሆኖ ከከንፈሯ ተመልሶ ወጣ። የቀረው ምላሷ ላይ መረራት። ደረቷ የደረሰ እምብዛም አልነበረም።

ስመኝ እናቷን ደግፋ፣ ጭሱ ከማይደርስበት ከውሃው ጥግ አስቀመጠቻት። እናትየዋ ደጋግማ ጫነችው፤ ትንሽ ትንሽም ቢሆን ገባላት። ትንፋሹ ቀስ እያለ፣ እያቅማማ ተመለሰ። ልጅቱ ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ ለጠፈች። በጠባብ ስንጥቅ የሚያልፍ ነፋስ ሰማች።

እልልታው ትንፋሽ ካላገኘሁ አልወጣም አለ፤ ትንፋሹ ደረቱ ካልተከፈተ አልገባም አለ፤ ደረቱ መድኃኒት ካልደረሰኝ አልከፈትም አለ፤ መድኃኒቱ የሚያሳይ ከሌለ አልደርስም አለ።

የሚያሳይስ ማን ነው? የገበያ ዕለት ስመኝ በጋሼ ፈንቴ ታንኳ ማዶ ተሻገረችና ጤና ጣቢያው ገባች። ሲስተር ሐመልማል የምትባል ነርስ ሁሉንም አዳመጠቻት።

«እንዴት እንደሚሳብ ያሳዩኝና እኔ ለእናቴ ላሳያት» አለች ስመኝ።

«አንቺን ባይሽ የእናትሽ ደረት ይሰማኛል?» አለች ሲስተር ሐመልማል። «እሷን ሳላይ አላሳይም። አምጪያት።»

«ሱስ ያስይዛል ይላሉ።»

«ሱስ አይደለም፣ የኔ እህት። የአየር መንገዷ ውስጡ አብጦ ጠቧል። ሰማያዊው ለጊዜው ይከፍተዋል እንጂ እብጠቱን አይመልሰውም። ለእብጠቱ በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ አለ። አሁንም አምጪያት።»

ሲመለሱ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ታንኳው የሚሄድ አይመስልም፤ ዳርቻው ራሱ ቀስ ብሎ ወደ እነሱ የሚመጣ ይመስላል።

«ጋሼ ፈንቴ፣ እማን ያሻግሩልኛል?»

ሰውየው መቅዘፉን አቆመ። «በእግር ዙሪያውን ብትወስጃትስ?»

«መንገዱ አቧራና ዳገት ነው። እኩሌታውን አትደርስም።»

«እሱስ እውነት ነው፣ ልጄ። ግን አባትሽ 'ማዶ እንዳታደርሳት' ብሎኛል። እሱ ካላዘዘኝ አላሻግርም።»

እልልታው ትንፋሽ ካላገኘሁ አልወጣም አለ፤ ትንፋሹ ደረቱ ካልተከፈተ አልገባም አለ፤ ደረቱ መድኃኒት ካልደረሰኝ አልከፈትም አለ፤ መድኃኒቱ የሚያሳይ ከሌለ አልደርስም አለ፤ ሲስተር ሐመልማል ሳላያት አላሳይም አለች፤ ጋሼ ፈንቴ አባትሽ ካላዘዘኝ አላሻግርም አለ።

አባቷ አቶ ይርሳው መረቡን ዘርግቶ የተበጠሰውን እያሰረ ነበር። ሚስቱን የማይወድ እንዳይመስላችሁ። ስታስል ማሰሩን ያቆማል፤ ሳሉ ሲያልፍ ይቀጥላል።

«አባ፣ እማን ማዶ እንውሰዳት።»

«እኔማ እወድ ነበር» አለ፣ መረቡን እያየ። «ይህን ጋብቻ ያገናኘች ግን ታላቅ እህቴ ናት። እትየ ደብሬ ካልፈቀደች አላዝም።»

ስመኝ ወደ እትየ ደብሬ ሄደች። እትየ ደብሬ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷ ልክ እንደ ልቧ አያርፍም።

«ማዶ ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለው የማን ቤት ነው?» አለቻት። «የአማቶችሽ! እናቷ ሕመምተኛ ናት፣ ነገ ልጅቷም እንደሷው ትሆናለች ቢሉስ? አማትሽ ወይዘሮ ሻሼ ከሰማች ሰርጉ ፈረሰ ማለት ነው። ሰርጉ ይለፍና እናሳክማታለን።»

«ሰርጉ ሳይደርስ ብትሞትስ፣ እትየ?»

እንዝርቱ ቆመ። ከዚያ መልሶ ዞረ።

«አልፈቅድም» አለች እትየ ደብሬ። ድምጿ ግን እንደ ጥጡ ለስልሶ ነበር።

እንግዲህ አብራችሁኝ በሉ። እልልታው ትንፋሽ ካላገኘሁ አልወጣም አለ፤ ትንፋሹ ደረቱ ካልተከፈተ አልገባም አለ፤ ደረቱ መድኃኒት ካልደረሰኝ አልከፈትም አለ፤ መድኃኒቱ የሚያሳይ ከሌለ አልደርስም አለ፤ ሲስተር ሐመልማል ሳላያት አላሳይም አለች፤ ጋሼ ፈንቴ አባትሽ ካላዘዘኝ አላሻግርም አለ፤ አባቷ እትየ ደብሬ ካልፈቀደች አላዝም አለ፤ እትየ ደብሬ ወይዘሮ ሻሼ ከሰማች ሰርጉ ይፈርሳል፣ አልፈቅድም አለች።

በማግሥቱ ስመኝ ነጠላዋን ተከናንባ ታንኳው ጋ ቆመች። ጉሙ ገና አልተነሣም።

«ወዴት ነው?» አለ ጋሼ ፈንቴ።

«ወይዘሮ ሻሼ ቤት።»

መቅዘፊያው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። የታጨች ልጅ ከሰርጓ በፊት በራሷ እግር አማቷ ደጅ አትሄድም። ከጥንት ጀምሮ ነውር ነው። «ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«እማን እንዳያሻግሩ ነው የተነገረዎ እንጂ እኔን አይደለም።»

ጋሼ ፈንቴ ታንኳውን ገፍቶ ቀዘፈ። ትንሽ እንደሄዱ የተነሡበት ዳርቻ ጠፋ፤ የሚሄዱበትም ገና አልታየም። ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ፤ በመካከሉ የውሃው ጠብ ጠብ ብቻ። ስመኝ እጮኛዋን አሰበች። አንድ ቀን ገበያ ላይ ዐይን ለዐይን ተገጣጥመው፣ ሁለቱም ደንግጠው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሮጠዋል። ያንን ልጅ ልታጣው ነው። ጉሙ ውስጥ ማንም አያይም ብላ አለቀሰች፤ ጋሼ ፈንቴም እንዳላየ ሆነ።

ወይዘሮ ሻሼ ደጃፏ ላይ ለሰርጉ ጠላ የሚሆን ጌሾ እያሰጣች ነበር። ምራቷ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እማማ ሻሼ፣ ነውር እንደሠራሁ አውቃለሁ» አለች ስመኝ፣ ቆማ። «እናቴ አስም አለባት። እናንተ ትሰማላችሁ ብለን ፈርተን ከመድኃኒት አስቀረናት። ሰርጉ ይቅር ካላችሁ ይቅር። እናቴ ትቅር ግን አልልም።»

ወይዘሮ ሻሼ የጌሾውን ቅጠል ወዲህ ገለበጠች፣ ወዲያ ገለበጠች።

«ስሚ ልጄ» አለች መጨረሻ ላይ። «ሳል በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል። የእናትሽን ሳል እዚህ ተቀምጬ ስሰማ ነው የከረምኩ። ሽማግሌ ስንልክም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር ታፍራላችሁ ብዬ ነዋ! እናንተ እኛን ፈርታችሁ ዝም፣ እኛ እናንተን አፍረን ዝም። ከመካከል ሴትዮዋ ልትታፈን።» እጇን አራግፋ ተነሣች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነይ ታንኳው ላይ እንውጣ። እኔው ራሴ አመጣታለሁ።»

አሁን ሰንሰለቱ መፈታት ጀመረ፤ ጆሮ ስጡኝ! ወይዘሮ ሻሼ ተሻግራ መጣች፤ እትየ ደብሬ ስታያት እንዝርቷን ጣለችና ፈቀደች፤ አቶ ይርሳው እህቱ ስትፈቅድ ቃሏን ሳትጨርስ አዘዘ፤ ጋሼ ፈንቴም ሁሉንም በታንኳው ጭኖ አሻገረ።

ሲስተር ሐመልማል የወይዘሮ አትጠገብን ደረት ከፊትም ከኋላም አዳመጠች። ከዚያ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አነሣች፤ ሥሩን በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀድዳ ኢንሄለሩን ሰካችበት።

«እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ አይባክንም። መጀመሪያ ይነቅንቁት። አሁን አየሩን በሙሉ ያስወጡ። የፕላስቲኩን አፍ በከንፈርዎ ግጥም ያድርጉት። አንዴ ይጫኑና ይሳቡ... በቀስታ... በቀስታ... አሁን ይያዙት።»

ወይዘሮ አትጠገብ ትንፋሿን ያዘች። ወይዘሮ ሻሼም ያዘች። እትየ ደብሬም፣ አቶ ይርሳውም፣ በር ላይ የቆመው ጋሼ ፈንቴም ያዙ። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ጠፋ።

«ይልቀቁት» አለች ሲስተር ሐመልማል፤ ሁሉም እፎይ አሉ።

«አልመረረኝም» አለች ወይዘሮ አትጠገብ፣ ተገርማ። ጥቂት ቆየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ገባ።»

ሲስተር ሐመልማል ሌላ ቡናማ ኢንሄለር ሰጠቻት። «ይሄኛው እብጠቱን የሚመልሰው ነው። ጧትና ማታ፣ ደህና በሆኑም ቀን። ተሻለኝ ብለው እንዳይተዉት። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ። ሰማያዊው ሲጨንቅዎ የሚስቡት ነውና ከጎንዎ አይለይ። ቶሎ ቶሎ ካስፈለገዎ፣ ወይም ስበውት ካልተሻለዎ፣ ሳይውሉ ይምጡ።» ወደ እትየ ደብሬ ዞረች። «ከጭስም ያርቋት።»

እትየ ደብሬ እዚያው ቆማ፣ የሰርጉ ምድጃ ሁሉ ከቤት ርቆ፣ ነፋሱ ወደ ውሃው በሚወስድበት በኩል እንዲተከል አዘዘች። እሷ ካዘዘች ደግሞ አለቀ።

ታዲያ መድኃኒቱ ደረሰ ብላችሁ ደረቱ ወዲያው ተከፈተ እንዳትሉ። ደረት ቸኩሎ አያውቅም። ወይዘሮ አትጠገብ ጧት ሳበች፣ ማታ ሳበች። መጀመሪያ የንጋቱ ፉጨት ራቀ። ከዚያ ከውሃው ዳር እቤቷ ድረስ ሳትቀመጥ ወጣች። አንድ ጧት አቶ ይርሳው ነቅቶ ምን እንደጎደለ ግራ ገባው፤ ለካ ሳሉ ነው። ሚስቱ ተኝታለች። ትንፋሿ ይገባል፣ ይወጣል፣ ድምፅ የለውም። እንዳያነቃት ብሎ ሳይንቀሳቀስ፣ ጉሙ ከደጅ እስኪለቅ ድረስ ሲያዳምጣት ቆየ።

ጥር ገባ። የሰርጉ ዕለት ጭፈራው አቧራ አስነሣ። ወይዘሮ አትጠገብ ሰማያዊውን ከመቀነቷ አወጣች። በር አልዘጋችም፤ በሰው ሁሉ ፊት ነቀነቀችው፣ ተነፈሰች፣ በቀስታ ሳበች፣ ያዘች። አንዳንዱ አየ፤ አንዳንዱ ጭፈራውን ቀጠለ። ከዚያ በሩ ሥር ቆመች።

ሙሽራዋ ወጣች።

ወይዘሮ ሻሼ መጥታለችና እትየ ደብሬ ፈቅዳለች፤ እትየ ደብሬ ፈቅዳለችና አቶ ይርሳው አዝዟል፤ አቶ ይርሳው አዝዟልና ጋሼ ፈንቴ አሻግሯል፤ ጋሼ ፈንቴ አሻግሯልና ሲስተር ሐመልማል አሳይታለች፤ ሲስተር ሐመልማል አሳይታለችና መድኃኒቱ ደርሷል፤ መድኃኒቱ ደርሷልና ደረቱ ተከፈተ፤ ደረቱ ተከፈተና ትንፋሹ ገባ፤ ትንፋሹ ገባና...

«እልልልልልልልልል!»

እንደ ድሮው አልነበረም። ትንሽ ሻክሯል፤ ትንሽም ወፍሯል። ግን ረጅም ነበር፤ ያልቃል ሲሉት የማያልቅ። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትወጣ። ስመኝ ግን ቀና አለች፤ ቀና ብላም ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።

«ኧረ አንገትሽን ድፊ!» አለች እትየ ደብሬ፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ።

ተረቴን መልሱ፤ እፎይ ብላችሁ ተንፍሱ።