ውስጧ ወደ ውጭ የወጣባት ዘርፌ

እስቲ ጠጋ በሉ። በቆሽት ውስጥ፣ ዓይን በማያያት በአንዲት ሕዋስ፣ ዘርፌ የምትባል ፕሮቲን ነበረች። ኢንሱሊን ትሆን ዘንድ የሕዋሷ ፕሮቲን ፈታይ እንደ ክር ፈትሎ አወጣት፤ ስትታጠፍ ግን ተሳሳተች። መደበቅ የነበረበት ቅባታም ጎኗ ውጭ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! የፈለገችው ወደ ደም ወጥታ ሥራዋን መሥራት ብቻ ነው። ጎኗን በሁለት እጇ ሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ ወደ መውጫው በር ሄደች።

"ጋሼ በረኛ፣ ይክፈቱልኝ።"

"ምን ሸፍነሻል? ታጥፈሽ ካላለቅሽ አልከፍትም። ከዘገየሽ ደግሞ የተበላሸውን የሚከታትፈው ቆራጩ ይወስድሻል።"

ወደ አጣፊዋ ወደ እትዬ ስንዱ ሄደች። "እትዬ፣ በረኛው አልከፍትም አሉ፤ ያስተካክሉኝ።"

እትዬ ስንዱ ጠረጠሩ፤ ግን ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። "ፈታዩ ያለ ፋታ ያጎርፍብኛል፤ እሱ ካላረፈ አላጥፍም። በአንድ እጄ ምን ልሁን?"

ሌላው እጃቸው አጠገባቸው በቆመው ዘበኛ ትከሻ ላይ ነበር። የአገሩ ልማድ ነው፤ የአጣፊ እጅ ዘበኛ ትከሻ ላይ ካረፈ ሁሉም ሰላም ነው ይባላል፤ ዘበኛውም አይጮህም።

ወደ ፈታዩ ሄደች። "ጋሼ ፈታይ፣ አጣፊዋ አላጥፍም አሉ፣ በረኛው አልከፍትም አሉ፤ ትንሽ ይረፉ።"

"አለቃው ካላዘዙ አላርፍም።"

በሕዋሷ አስኳል ውስጥ ወደሚኖሩት አለቃ ሄደች። "ጌታዬ፣ ፈታዩ አላርፍም አሉ፣ አጣፊዋ አላጥፍም አሉ፣ በረኛው አልከፍትም አሉ፤ ይዘዙልኝ።"

"ዘበኛው ካልጮኸ አላዝም።"

ወደ ዘበኛው ሄደች። "ጋሼ ዘበኛ፣ አለቃው አላዝም አሉ፣ ፈታዩ አላርፍም አሉ፣ አጣፊዋ አላጥፍም አሉ፣ በረኛው አልከፍትም አሉ፤ ይጩሁልኝ።"

"የእትዬ ስንዱ እጅ ትከሻዬ ላይ እያለ? አልጮህም።"

ዘርፌ አለቀሰች። ይሄን ሁሉ ስትዞር ተሸፍና እኮ ነው፤ ማን አይቷት? የቆራጩ ኮቴ ከኋላዋ ተሰማ። ያን ጊዜ ፊቷ እሳት መስሎ፣ ሁለቱን እጆቿን ከጎኗ ላይ አነሣች።

"እትዬ፣ ይኸው። ይዩኝ።"

እትዬ ስንዱ አዩ። "ውይ ልጄን! እያወቅሁ እንዳላወቀ ሰው ሆንኩብሽ፤ እኔ ልፈር" ብለው፣ ከዘበኛው ትከሻ ላይ እጃቸውን አንሥተው ሸፈኗት።

ዘበኛውን ትከሻው ላይ በረደው። ዘበኛው ጮኸ፣ አለቃው አዘዙ፣ ፈታዩ ዐረፈ፣ አዳዲስ አጣፊዎች እየሮጡ መጡ፣ እትዬ ስንዱ ዘርፌን አጠፏት፣ በረኛው ከፈተ። ቆራጩም ባዶ እጁን ተመለሰ።

በሩ ጥግ ሌላ ፕሮቲን ጎኗን ሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር። ዘርፌ ጎንበስ ብላ፣ "ለእትዬ አሳዪያቸው፣ እህቴ" አለቻትና ወጣች።

ወሬዬም እዚህ ላይ ታጠፈ፤ ሸፋፍኜ ያስቀረሁት የለም።