ጭጎጎት የመሰከረችበት ጅብ

አንድ ጊዜ የፍየል ግልገል ከበረቱ ጠፋ። ንጉሡ አንበሳ ሳይውል ሳያድር አውጫጭኝ ጠራ፤ በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ አዘዘ። እንስሳቱም በዋርካው ሥር ተሰበሰቡ።

ቀድሞ የተነሣው አያ ጅቦ ነው። አፉን በወንዝ ውሃ ተጉመጥምጦ፣ ጨዋ መስሎ መጥቷል።

«ጌታዬ፣ ግልገሉን ረግጣ ገደል የከተተችው አህያ ናት። በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔም አይቻለሁ» አለች ቀበሮ ከጎኑ።

«ቅጣቱን ለእኔ ይተዉልኝ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

እመት አህያ ክው አለች። ምስክሩ ሁለት ነው፤ ለእሷ የሚቆም ዘመድ የለም። ቢሆንም ልቧ ንጹሕ ነበርና ጆሮዋን አቁማ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ በረቱ ዙሪያ ምን እንደሚበቅል ፍየልን ይጠይቁልኝ።»

«ጭጎጎት ናታ!» አለች ፍየል እንባዋን እየጠረገች። «ያቺ ቢጫ አበባ ያላት ትንሽ አረም። አሁን ደርቃለች፤ በዚያ ያለፈ ሁሉ ዘሯን ተሸክሞ ይወጣል።»

«እንግዲያው ሁላችንም እንፈተሽ። ከእኔ ይጀመር» አለች አህያ።

ጅብ ከት ብሎ ሳቀ። «ወይ ጉድ! አረም ምስክር ልትጠሪብን ነው?»

አንበሳ ግን አህያን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ መረመራት። አንዲት ዘር እንኳ አልተገኘባትም። ቀጥሎ ጅብ ቀረበ። አንገቱ ንጹሕ፣ ደረቱ ንጹሕ። ቀበሮም ፈገግ አለች።

«እስቲ ዙር!» አለ አንበሳ።

ጅብ ዞረ። ከወገቡ እስከ ጭራው የጭጎጎት ዘር እንደ መርፌ ተሰክቶበታል።

አያ ጅቦ አንገቱን አዙሮ ኋላውን አየና ቀበሮ ላይ ጮኸ፦ «አንቺ ሰነፍ! ልቀሚልኝ ብልሽ የፊቴን ብቻ ለቅመሽ ተውሽኝ? ግልገሉን ያካፈልኩሽ ለዚህ ነው?»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ፍየል ግን አልሳቀችም፤ ለልጇ አለቀሰች። አንበሳም ሁለቱን ከአገር አባረራቸው።

አህያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁልጊዜ የምትሸሸውን የበረቱን ጓሮ ሆን ብላ አቋርጣ አለፈች።

«ነይ፣ ዛሬስ እንዳሻሽ ተጣበቂብኝ!» አለቻት ጭጎጎትን።

ከዚህ የምንማረው በደለኛ አፉን ቢያጥብ እንኳ የናቃት ትንሽ ነገር ከኋላው ሆና እንደምትመሰክርበት ነው።