ሦስተኛው ሽማግሌ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው የማይሆንለትን ነገር ሙጭጭ ብሎ ይዞ ሲታገል ከታየ፣ አላፊ አግዳሚው አንዲት አባባል ጣል አድርጎበት ያልፋል። አባባሏን ከሚጥሏት ሰዎች አብዛኞቹ የጎልፍ ዱላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አንዳንዱ «የጥንት ነገሥታት ዘመን ናት» ይላል። አንድ የታሪክ አስተማሪም መነሻዋን ከአንድ ገዳም ሲፈልግ ሁለት ክረምት ፈጅቷል። ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። የተወለደችው ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ እያየሁ ነው።

ፋብሪካውን የተከሉት ፈረንጆች ሲሄዱ ትተውልን የሄዱት ሦስት ነገር ነው፤ አንድ የማይነሳ ትራክተር፣ አንድ ጆንያ ሙሉ የጎልፍ ዱላ፣ ኳስ በዱላ እየተመታ የሚገባበት ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው መስክ። ትራክተሩን ማንም አልፈለገውም። መስኩን ግን ባሻ ድልነሳው አልለቀቁትም። ባሻ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። በፈረንጆቹ ጊዜ ሣር አጫጅ ነበሩ፤ ከእነሱ በኋላ ሣር አጫጅም፣ ዘበኛም፣ ዳኛም ሆኑ። የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ መልሰው፣ በካርቶን ላይ አስጽፈው፣ መግቢያው ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ቸነከሩት።

ከሕጎቹ አንዷ እንዲህ ትላለች። «ኳስ ልትመታ ከማትችልበት ቦታ ከገባች፣ ባለቤቷ ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹አቃተኝ› ይበል። አንድ ምት ይቆጠርበታል። ኳሷን አውጥቶ፣ ሁለት ዱላ ያህል ፈቀቅ አድርጎ ጥሎ ይቀጥላል። ስለ እሱ ሌላ ሰው ‹አቃተው› ማለት አይችልም።» ፈረንጆቹ በቋንቋቸው ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። «አቃተኝ» የምትለዋን ግን ባሻ ከራሳቸው እንደጨመሯት ይጠረጠራል። ወታደር ናቸውና ነገር በግልጽ ሲነገር ይወዳሉ።

አቶ ቢያድግልኝ ደግሞ የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ኋላ ሐሜት እንዳይመስልብኝ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ከአፋቸው ግን «አልችልም» ወይም «አላውቅም» የሚባል ቃል ወጥቶ አያውቅም። መንገደኛ የማያውቁትን ቤት ቢጠይቃቸው «ተከተለኝ» ብለው ይመሩታል። እንዲያ የተመራ አንድ እንግዳ የማያውቀው ሰው ተዝካር ገብቶ፣ አልቅሶ፣ በልቶ እንደወጣ ይነገራል። የጎረቤት ሬዲዮ ሲበላሽም የሚፈቱት እሳቸው ናቸው። ከሰፈራችን ሬዲዮ ግማሹ ዛሬም እንደተፈታ ነው።

የአቶ ቢያድግልኝ ልጅ ጥበቡ በፋብሪካው መካኒክ ነበር። ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው፤ አባቱ የፈቷቸውን ሬዲዮዎች በድብቅ እየገጠመ ለየባለቤቶቻቸው ሲመልስ የኖረ እሱ ነው፤ ግማሹ የተረፈው ጊዜ አጥቶ ነው። እናንዬን ወደዳት። እናንዬም ወደደችው። የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነበር። አባቷ መምህር አካሉ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ በዓመት ውስጥ የሚናገሩት ቃል አንድ ደብተር አይሞላም። እናንዬን ከዚያ በፊት የጠየቁ ሁለት ቤተሰቦች በር ላይ ተመልሰዋል፤ ለምን እንደተመለሱም እስከ ዛሬ አልተነገራቸውም።

በወጋችን የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይላክም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። አቶ ቢያድግልኝ ግን ሌላ ሰው ይሠራልኛል ብለው የተዉት ነገር ስለሌለ፣ አንድ ቄስና አንድ የእድር ዳኛ መርጠው፣ ሦስተኛውን ሽማግሌ ራሳቸውን አደረጉ። ቀጠሮው እሑድ ለአሥር ሰዓት ተያዘ። መምህር አካሉ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እስከዚያ ዘጠኙን ጉድጓድ እንጫወት» ብለው ላኩ። ለእሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው። ከተማው ሁሉ ሰውየው የልጁን አባት ሊመዝኑ እንደሆነ ገባው፤ አቶ ቢያድግልኝም ገባቸው። ከጨዋታው በቀጥታ ወደ ሽምግልናው ለመሄድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አዲስ ባለጥለት ጋቢ ደርበው መጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ተጫወቱ። ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ በሦስት ምት ይመሩ ነበር፤ በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። እዚያ ላይ ጋቢውን ወደ ትከሻቸው ወርወር አድርገው መቱ። ኳሷ ተነሳች፤ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ የመምህር አካሉ አጥር አጠገብ ካለው ትልቅ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

ባሻ ጎንበስ ብለው አዩ። «አትመታም» አሉ።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ቀጋው።»

አቶ ቢያድግልኝም ጎንበስ ብለው አዩ። ኳሷ በሁለት ግንዶች መካከል ተቀርቅራለች፤ ዙሪያዋን እሾህ ነው።

«አንዲት ምት ናት» አሉ ባሻ። «በሦስት እየመሩ አይደለም? አንዷን ቢሰጡ ሁለት ይተርፍዎታል። ቃሏን ይበሏትና እንለፍ።»

አቶ ቢያድግልኝ ባሻን በክንዳቸው ይዘው ዘወር አደረጓቸው፤ እኔ ወዳለሁበት ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። «ባሻ፣ ነገሩ የቁጥር አይደለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሴት ልጁን ለልጄ ልለምነው ነው። እንዴት አድርጌ እፊቱ ቆሜ ‹አቃተኝ› እላለሁ? ‹ይህ የአቃተኝ ባይ ዘር ነው› ብሎ በሩን ቢዘጋብኝ፣ ልጄን ምን ብዬ አየዋለሁ?»

«ሕጉ ነው።»

«‹ለጊዜው ትውጣ› ብልስ?»

«ካርቶኑ ላይ የለም።»

«‹ቦታው አልተመቸኝም›?»

«እሱም የለም።»

«እሺ፣ ቃሏን ቀስ ብዬ በጆሮዎ ብነግርዎትስ?»

«‹ድምፁን ከፍ አድርጎ› ይላል።»

አቶ ቢያድግልኝ ዱላቸውን አነሱ። የመጀመሪያው ምት ቅጠል አረገፈ። ሁለተኛው ግንዱን አገኘው፤ ዱላው ነጥሮ ጉልበታቸውን መታቸው። በሦስተኛው ኳሷ ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ውስጥ። ባሻ በእያንዳንዱ ምት አንድ ጠጠር ከመሬት እያነሱ ኪሳቸው ይከታሉ። መምህር አካሉ ከቁጥቋጦው ማዶ ዞረው የበሰለ የቀጋ ፍሬ እየለቀሙ መብላት ጀመሩ።

በሰባተኛው ምት ጋቢው ተያዘ። ጋቢውን ለማስለቀቅ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ኮታቸው ተያዘ። ኮታቸውን ለማስለቀቅ ዞር ሲሉ ሱሪያቸው ተያዘ። በዐሥራ አንደኛው ምት ላይ ከውጭ የሚታየው ባርኔጣቸውና ከፍ ዝቅ የሚለው ዱላ ብቻ ነበር።

መምህር አካሉ ሰዓታቸውን አዩ። «አቶ ቢያድግልኝ፣ እኔ ልሂድ። እንግዳ አለብኝ።»

«እንግዳውኮ እኔ ነኝ፣ መምህር!» አለ ቀጋው።

«እንግዲያው ቢወጡ ይሻላል» አሉና፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው ሄዱ።

ጥበቡ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ሲበላ ነበር የዋለው። የመምህሩን ብቻቸውን መሄድ ሲያይ እየሮጠ መጣ። በዚያው ቅጽበት ቄሱና የእድር ዳኛው ከመምህሩ በር ላይ ሲደርሱ ከቆምንበት ይታዩናል። ወደ ግራ ያያሉ፤ ወደ ቀኝ ያያሉ፤ ሦስተኛቸው የለም።

«አባባ» አለ ጥበቡ ጎንበስ ብሎ፣ «ሽማግሎቹ በር ላይ ቆመዋል። ሁለት ብቻ ናቸው።»

«ሦስተኛው እኔ አይደለሁም?»

«ሦስተኛው ቀጋ ውስጥ ነው ያለው። በሁለት ሽማግሌ ደግሞ ሴት ልጅ አትጠየቅም። አንዲት ቃል ናት፣ አባባ። በላትና ላውጣህ።»

«‹አባቱን ቁጥቋጦ አቃተው› ተብለህ ነው የምታገባት?» አሉ ከውስጥ። «ለአንተ ብዬ ነውኮ!»

ጥበቡ ወደ ቁጥቋጦው ተጠጋ። በሁለት እጁ እሾሁን ገለል አድርጎ አባቱን ሊስብ ሞከረ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ተቧጥጦ ደማ። አባቱ ግን «ተው! ኳሷን እንዳትነካብኝ!» ብለው ጮኹበት። ልጁ አሳዘነኝ። አባቱም አሳዘኑኝ፤ እውነታቸውን ነበርና፣ ለእሱ ብለው ነበር።

ጥበቡ እጁ እንደ ደማ ወደ መምህሩ በር ሄደ። በወጋችን ሽማግሌ በተላከበት ቀን ልጁ በዚያ በር ዝር አይልም። ባሻ ተከተሉት፤ እኔም የባሻን ማጭድ ይዤ ተከተልኩ።

መምህር አካሉ በሩን ይዘው ቆመዋል። ቄሱና የእድር ዳኛው ሦስተኛቸውን እየፈለጉ ወደ መንገዱ ያያሉ። ጥበቡ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«መምህር፣ አባቴን ላወጣቸው ሞከርኩ። አቃተኝ።»

«ምን አልክ?»

«አቃተኝ። ይርዱኝ።»

መምህሩ የልጁን ክንድ አዩ፤ ፊቱን አዩ። ከዚያ በዓመት የሚናገሩትን ሁሉ በአንዴ ተናገሩ። «ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። የወደቁብኝ ሁሉ ‹ገባኝ፣ ገባኝ› ሲሉ የከረሙት ናቸው። ልጄ ከአንድ ሰው ጋር ቤት ሠርታ ስትኖር፣ ጣሪያው ሲያፈስና ልጅ ሲታመም፣ ያቃተውን ‹አቃተኝ› ብሎ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። አባትህ ዛሬ አስፈርተውኝ ነበር። ከቤታችሁ አንድ ሰው ቃሏን ካወቃት ይበቃኛል።» ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «ግን ወግ ወግ ነው። ሦስት ሁኑና ግቡ።»

ሁላችንም ባሻን አየናቸው። ባሻ የሥራ ቱታቸውን ለብሰዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ሣር ተለጥፏል። ጋቢዬን አውልቄ አለበስኳቸው። ጋቢዬን ተከትዬም ገባሁ፤ ማን ይከለክለኛል።

ነገሩ በወጉ ሆነ። «ቁጭ በሉ» ተባሉ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ልጅቷ ተጠየቀች፤ ተፈቀደች። ቄሱ መረቁ፤ እኛ «አሜን» አልን። እናንዬ ከጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማል፤ የደስታ ነው። ጥበቡ እጁ በነጭ ጨርቅ ታስሮ መሬት መሬት ያያል። በመካከሉ ከአጥሩ ማዶ ዱላ እንጨት ሲመታ ይሰማል። ባሻ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ወደ መሬት ይሰዳሉ፤ ቤት ውስጥ የሚነሳ ጠጠር ስለሌለ ግን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

ያን ጊዜ የእናንዬ እናት እመት ዘርፌ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዘው ብቅ አሉ። መስኩ ላይ የሆነውን አልሰሙም፤ ጓዳ ነበሩ። ለልጁ አባት ለይተው ያስቀመጡት፣ ትራስ ያለበት ወንበር ባዶውን ቆሞ አዩ። ከእንግዶቹ መካከል ፈለጉ፤ ወደ በሩም አዩ።

«ምነው፣ የልጁ አባት የት ቀሩ?» አሉ።

ቄሱ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። የእድር ዳኛው አሳሉ። ጥበቡ አንገቱን ደፋ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ዱላ ተሰበረ። ባሻ ድልነሳው የተዋሱትን ጋቢ አስተካክለው ተነሱና፣ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ጠጠር በሙሉ ባዶው ወንበር ላይ አፈሰሱት፤ በሠራዊት ፊት ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ቀጥ ብለው ቆመውም እንዲህ አሉ፦ «‹አቃተኝ› ማለት ያፈረ፣ ከቀጋ ጋር ቀረ።»