የመታሰቢያው በርጩማ

«ይነሱ አባት! ይኼ የታሪክ ቅርስ ነው!» ብለው ጮኹ የባህል ማዕከሉ ዳይሬክተር አቶ ሽመክት።

ማዕከሉ አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ፣ ቁጭ ብለው ብቻ ነፃነታቸውን ያገኙ ገበሬዎች መታሰቢያ ነው። በምረቃው ዕለት አንድ ሽማግሌ ለእይታ በቀረበው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«የራሴ ነው። ካልመለሳችሁልኝ አልነሳም» አሉ።

«ማስረጃዎ የታለ?»

«ማንበብ አልችልም። እስቲ እዚያ የለጠፋችሁትን አንብብልኝ።»

ዳይሬክተሩ እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንድ ስሙ ያልታወቀ ገበሬ በዚህ በርጩማ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። አገረ ገዢው ‹ተነስ!› እያለ ቢጮህበትም አልተነሳም። በመጨረሻ ገዢው ራሱ ደክሞት ወደ ቤቱ ሄደ።»

ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተመቻቹ።

«ታዲያ ልጄ፣ መጨረሻውን ካወቅኸው ምን ያቆምሃል? በጊዜ ወደ ቤትህ ግባ እንጂ።»