ጅብ የወሰዳቸው ዘጠኝ ድንጋዮች

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ለችግሮቻቸው ዘዴ የሚፈልጉት በጋራ ነበር። ገና ዘዴ ላልተገኘለት ችግር ሁሉ ምልክት የተጫረበት ድንጋይ አንድ ዋርካ ሥር በመጀመሪያው ረድፍ ይቀመጣል። ልሥራው የሚል ድንጋዩን አንስቶ መሃለኛው ረድፍ ላይ ያኖራል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው አይነካበትም። ዘዴው በሁሉም ፊት ተሞክሮ ሲሠራ ድንጋዩ ወደ መጨረሻው ረድፍ ይሻገራል። በቃ፣ ወጋቸው ይኸው ነው።

ጅብን ግን ስግብግብነቱ መች ይለቀዋል! አንድ ጠዋት መጥቶ የቀሩትን ድንጋዮች ጠራርጎ መሃለኛው ረድፍ ላይ ደረደረ።

«አያ ጅቦ፣ ዘጠኙንም?» አለች ቀበሮ።

«ዘጠኙንም! ሲያንሰኝ ነው!»

ከዘጠኙ አንዱ የወንዝ መሻገሪያው ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሰፈራቸውን ስለሚያጥለቀልቅ ወደ ማዶ መሻገር ግድ ነው፤ የአህያ ውርንጭላ ደግሞ ዋና አትችልም። አህያ ስትጨነቅ ከረመች።

«አያ ጅቦ፣ የመሻገሪያው ነገር የት ደረሰ?»

«እያሰብኩበት ነው አልኩሽ እኮ!»

እሷ ግን ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ ወንዙን እያየች አንድ ዘዴ መጥቶላታል። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ድንጋዩ ተይዟላ! ዘዴውን በሆዷ ይዛ ቀረች።

አንድ ቀን ዝናቡ ወረደ፤ ውኃው ዋርካው ሥር ደረሰ። እንስሳቱ ጅብን ከበቡት። እሱም አፍሮ ድንጋዩን ወደ መጨረሻው ረድፍ ገፋና «ይኸው አለቀ!» አለ።

«እሰይ! በል ግባና አሳየና» አለች ቀበሮ።

ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ ዘለለ። ወንዙም ይዞት ሄደ፤ ደግነቱ አንድ ቁጥቋጦ ያዘው።

አህያ ውርንጭላዋን አየች። ከዚያ በኋላ ወጉም ትዝ አላላትም፤ ድንጋዩን መልሳ መሃል ላይ አስቀመጠችው።

«ስሙኝ! ውኃው የሚንሿሿበት ቦታ ጥልቅ አይደለም። ትልልቆቻችን እዚያ ተሰልፈን ውኃውን እንገድብ። ትንንሾቹ ጎናችንን ተደግፈው ይለፉ።»

በሬ ቀድሞ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ውርንጭላዋ ጎናቸውን ተደግፋ ተሻገረች። ጅብም የበሬን ጅራት በጥርሱ ይዞ ወጣ። የበሬ ጅራት አለመቆረጡ ተአምር ነው!

ውኃው ሲጎድል ቀበሮ ስምንቱን ድንጋዮች ወደ ዋርካው መለሰች።

«ከእንግዲህ ለአንድ እንስሳ አንድ ድንጋይ ነው። የያዘም በየሳምንቱ የደረሰበትን ይናገራል። አያ ጅቦ፣ አንዱን ምረጥ።»

ጅብ ስምንቱንም እያየ ምራቁን ዋጠና ትልቁን አነሳ። ዘጠኛውን፣ የመሻገሪያውን ድንጋይ ግን ያን ቀን መጨረሻው ረድፍ ላይ ያኖረችው አህያ ነበረች።

ከዚህ የምንማረው የጋራን ሥራ «የኔ ነው» ብሎ ይዞ መቀመጥ፣ ሊሠራው በሚችል ሰው ላይ በር መዝጋት መሆኑን ነው።